ባላምባራስን ጭቃ ውስጥ የጣልኩበት እሑድ

ልጃቸውን ለትዳር ልጠይቃቸው ያሰብኳቸውን ሰው፣ መቱ ከተማ መሀል፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በሁለት እጄ ገፍትሬ ጭቃ ውስጥ ጥያቸዋለሁ።

በነጭ ልብሳቸው።

ከነማዕረጋቸው!

ቆይ፣ ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ ዛሬ ሰማንያ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ ዝም ብዬ ይዤው ልሞት ነበር። ግን ዛሬ ጠዋት አንድ ወጣት መካኒክ እዚሁ ፌስቡክ ላይ የአንድ ዕቃ ፎቶ ለጥፎ "አጠቃቀሙን የሚያውቅ አለ?" ብሎ ጠየቀ። ሁለት ጌጅ፣ አንድ መዘውር፣ ግራና ቀኝ የቱቦ መግቢያና መውጫ፣ ከላይ መያዣ። በእጅ ተንጠልጥሎ የሚዞር የሃይድሮሊክ ፍሰት መለኪያ ነው። እኛ ቴስተር እንለው ነበር።

ሳየው ፊቴ ጋለ። በዚህ ዕድሜ!

ኮመንት ላይ "አውቀዋለሁ፣ ሚስት ያሳጣኝ እሱ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ሰው ሁሉ የሳቅ ምልክት ያዘንብብኛል። እንግዲያው ሙሉውን ውሰዱት።

ያኔ ጎሬ መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። አዲስ አበባ ሄዶ ኮርስ የወሰደ፣ ፀጉሩን በውሃ የሚያበጥር፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሚሰካ ጎረምሳ። ለምን ሁለት ትሉኛላችሁ? አንዱ አይጽፍም ነበር። ለዓይን ነው።

መቱ ክሊኒክ ደግሞ ድንቅነሽ የምትባል ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ ነበረች። አውራ ጣቴን ተቆርጬ ሄድኩ፣ አሰረችልኝ። እሱ ሲድን ሌላ ጣቴን ተቆረጥኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ጣቴን አገላብጣ አየችና "ይሄ ቁስል አይደለም፣ ጭረት ነው" ብላ ሳቀች።

አለቀልኝ።

የድንቅነሽ አባት ባላምባራስ ደበላ ናቸው። የቡና ነጋዴ፣ ባለመሬት፣ በዚያ አካባቢ ትራክተር ለመግዛት የደፈሩ ሰው። ያ ትራክተር ታዲያ ማረሻውን ማንሳት አቃተው። ሞተሩ ይጮሃል፣ ማረሻው መሬት ላይ ተኝቷል። አንዱ ፓምፑ ሞቷል ይላል፣ ሌላው ቡዳ በልቶታል ይላል። ባላምባራስም ምርር ብሏቸው ሊሸጡት ተነሱ።

እኔ ምን አልኩ? ትራክተራቸውን ካዳንኩላቸው፣ ሽማግሌ ስልክባቸው በምን አፋቸው እምቢ ይሉኛል?

ከካምፑ አለቃ ቴስተሩን ለምኜ ተዋስኩ። "ዕቃው ከአንተ ይወደዳል" አለኝ ሲሰጠኝ። በቡና መኪና ተጭኜ፣ ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ መቱ ገባሁ።

የቴስተሩ ሥራ ቀላል ነው። ዘይቱ ከፓምፑ ወጥቶ በእሱ ውስጥ ያልፋል። አንዱ ጌጅ ምን ያህል ዘይት እንደሚፈስ ይነግርሃል፣ ሌላው በምን ያህል ግፊት። መዘውሩን ቀስ እያልክ ስትዘጋ ግፊቱ ይጨምራል፣ ትራክተሩ ማረሻ የተሸከመ ያህል ማለት ነው። ያኔ ፍሰቱ ዘጭ ካለ ፓምፑ ደክሟል። ካልወረደ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

አንድ ሕግ አለው። ሞተር ከመነሳቱ በፊት መዘውሩ ሙሉ በሙሉ ክፍት መሆን አለበት። ተዘግቶ ከተነሳ ዘይቱ መሄጃ ያጣል፤ መሄጃ ያጣ ዘይት ደግሞ በራሱ መንገድ ይወጣል።

ይቺን ስክሪንሾት አድርጓት።

እሑድ ደረሰ። እኔ የጠበቅኩት ባላምባራስንና ሾፌራቸውን ብቻ ነበር። ግቢው ጢም ብሏል! ከቅዳሴ የወጣው ሁሉ ነጠላውን እንዳጣፋ መጥቷል። ከጠጅ ቤት አግዳሚ ወንበር ሳይቀር ተሸክመው አምጥተዋል። እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ጎረቤት ጌጆቹን ጠጋ ብለው አዩና "ይሄ ሐኪም ቤት ያለው የደም ግፊት መለኪያ አይደል? ስትጨርስ እኔንም ለካኝ" አሉኝ።

እሺ እትዬ አልኩ። ምን ልበል?

ባላምባራስ ነጭ በነጭ ለብሰው ወጡ። ወንበራቸውን የት አስቀመጡት መሰላችሁ? ከቴስተሩ አጠገብ፣ እጃቸውን ቢዘረጉ የሚነኩት ቦታ። የክብር ቦታቸው ነዋ፣ ትራክተሩ የእሳቸው ነው።

ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ይሄ ነው፤ ግፊት ካለበት ቱቦ አጠገብ ሰው አይቀመጥም።

"ባላምባራስ፣ ትንሽ ራቅ ቢሉ" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

"ግድ የለም ልጄ፣ እዚሁ ይመቸኛል።"

"ዘይት እንዳይነካዎ ብዬ ነው።"

"ኧረ አንተ ሥራህን ሥራ፣ ለእኔ አትቸገር። ተባረክ።"

እኔ ስለ አደጋ አወራለሁ፣ እሳቸው ስለ ትሕትናዬ ይመርቁኛል። የተመረቀ ሰው ደግሞ መልሶ "ይነሱ" አይልም።

ሥራ ጀመርኩ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ማረሻው መሬት ላይ አርፏል። ማንሻውን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅሼ ቱቦ ውስጥ የቀረውን ግፊት አስወጣሁ። መገጣጠሚያዎቹን በንጹህ ጨርቅ ጠረግኩ፣ ቅንጣት አሸዋ ከገባ ፓምፑን ይበላዋልና። ከፓምፑ የሚመጣውን ቱቦ ከቴስተሩ መግቢያ ጋር አሰርኩ፣ ከመውጫው ደግሞ ሌላ ቱቦ ወደ ዘይት ታንኩ መለስኩ። ቴስተሩ ላይ ያለው የፍሰት ቀስት በትክክል ማመልከቱን አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። በቁልፍ አጠበቅኩ። መዘውሩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ።

ሕዝቡ ጸጥ ብሎ እጄን ያያል። እኔም እጄን በሚያዩት ልክ አሳምሬ አንቀሳቅሰዋለሁ። እስካሁን አንድም ስህተት የለም፣ ልብ በሉ።

ወደ ትራክተሩ መቀመጫ ወጣሁ። ከዚያ ላይ ሆኜ ድንቅነሽን አየኋት። በረንዳው ላይ ቆማ እኔን ነው የምታየው! ዓይኔን ከእሷ ነቅዬ ወደ ታች ስመልስ ባላምባራስ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለዋል።

መዘውሩን እየዘጉት ነው።

ስለ ባላምባራስና ስለ ቧንቧ ልንገራችሁ። ግቢያቸው ውስጥ ቧንቧ የተበጀለት በርሜል ነበረ፤ ውሃው ከሶር ወንዝ በአህያ ነው የሚመጣው። በዚያ ቤት ቧንቧ ከፍቶ የሄደ ሰው ምን እንደሚጠብቀው መቱ ሁሉ ያውቃል። በእንግድነት የሄዱበት ቤት እንኳ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ካዩ ከማዕድ ተነስተው ይዘጉ ነበር። እና እኔ መዘውሩን ከፍቼ ስሄድ አዩኝ። በእሳቸው ግምት ልጁ ረስቶታል። ሰው ፊት ላለማሳፈር ብለው፣ ቀስ ብለው፣ ማንም ሳያይ ጥርቅም አደረጉት። ከዚያ ቀና ብለው ጠቀሱኝ።

ነውሬን ሸፍነውልኝ ነው!

አሁን ምን ይባላል? "ባላምባራስ፣ ተሳስተዋል"? ያ ሁሉ ሰው ፊት? ወርጄ ብከፍተው አሳጣኋቸው። ይሉኝታ እግሬን ያዘው። ጭንቅላቴም ወዲያው መላ ፈጠረልኝ፤ ሞተሩን ላስነሳና ቶሎ ወርጄ፣ የምነካካ መስዬ እከፍተዋለሁ፣ ለአንድ አፍታ ምን ይመጣል አለኝ።

አስነሳሁት።

አንድ አፍታም አልሞላ።

ጧ! ቱቦው ከመገጣጠሚያው ተፈትልኮ ወጣ። ዘይቱ አየር ላይ ተረጨ። አግዳሚው ተገለበጠ፣ ነጠላው ሁሉ ቢጫ ሆነ። እትዬ በላይነሽ በአጥሩ ቀዳዳ ሲሾልኩ ላየ፣ ደም ግፊት ያለባቸው አይመስሉም።

ሁሉም ሸሸ። ባላምባራስ ግን አልሸሹም። እሳቸው ሲባክን አይወዱም። "ዘይቱ! ዘይቱ!" እያሉ ቱቦውን በመዳፋቸው ሊደፍኑት እጃቸውን ዘረጉ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁም። በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል። የገባበት ቀዳዳ የመርፌ ጫፍ ነው የሚያክለው፣ ብዙም አያምም፤ በኋላ ግን ሥጋውን ከውስጥ ይገድለዋል። እጅ ያስቆርጣል። ዘይት የሚያፈስበት ቦታ ሲፈለግ እንኳ ካርቶን ነው የሚጠጋው እንጂ እጅ አይደለም። ይሄን ሁሉ ተምሬዋለሁ።

ማጥፊያውን ሳብኩና ከላይ ዘለልኩ።

"አትንካ! ራቅ በል!"

በሁለት እጄ ደረታቸውን ገፋሁት። ባላምባራስ ወደ ኋላ ሄደው ጭቃው ውስጥ በጀርባቸው ዘፍ አሉ። ሞተሩም ያኔ እየተንተፋተፈ ጠፋ።

ከዚያ ከአጥሩ በኩል አንድ ሰው "አንተ አላቸው!" ሲል ተሰማ።

አያችሁ? ማዕረግ ያለው ሰው ጭቃ ላይ ተዘርግቷል፤ የከነከናቸው ግን "አንተ" ማለቴ ነው።

ባላምባራስ ከተኙበት ቀና ብለው አዩኝ። "ያ ጉርባ" አሉ፤ አንተ ልጅ ማለታቸው ነው፣ ሲያዝኑ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። "ምን አደረግኩህ?"

እውነቱን ብናገር የዘጉት እሳቸው ናቸው።

"መክፈቱን ረስቼ ነው" አልኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ተነስተው፣ ዘይትና ጭቃ እያንጠባጠቡ ወደ ቤት ገቡ። በረንዳውን ሳይ ድንቅነሽም የለችም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጎሬ ገባ። አለቃዬ ተፈትልኮ የወጣውን ቱቦ አይቶ "ሰው ተጎዳ?" አለኝ። የለም ስለው "ተመስገን" ብሎ አማተበ፣ ከዚያ እስኪያነባ ሳቀብኝ። ምሳ ሰልፍ ላይ ስቆም ጓደኞቼ "ቅድሚያ ስጡት፣ ይገፈትራል" እያሉ መንገድ ይለቁልኝ ነበር። ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ድንቅነሽን አጥቻታለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር።

ትንሽ ቆይቼ ሾፌራቸውን ለምኜ ትራክተሩን እንደገና ፈታሁት። በሽታው ምን ነበር ትላላችሁ?

ማጣሪያው በቆሻሻ ተደፍኖ ነው። ታጠበ፣ ማረሻው ተነሳ።

ቴስተሩ ጭራሽ አላስፈለገም ነበር! መጀመሪያ የዘይቱ ልክና ማጣሪያው ይታያል፤ ኮርሱ ላይም አስቀድመው ያስተማሩን ይሄንኑ ነው። እኔ ግን ጌጅ ያለው ዕቃ ይዤ መታየት አምሮኛል።

ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌ ላክሁ። ለይቅርታ ብቻ፤ ስለ ጋብቻ ማን አፉን ይከፍታል? ባላምባራስ ሰምተው ሲያበቁ "መዘውሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ" አሏቸው። "ሞተሩ ጠፍቶ ነገሩን ሳስበው ገባኝ። ልጁ አይቶኛል፣ ሰው ፊት ግን በራሱ ላይ አደረገው። እንዲህ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል?" ቀጥለውም "ሌላ የመጣችሁበት ጉዳይ የለም?" ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አለ እንጂ አሉ።

"እኔ ፈቅጃለሁ። እሷን ጠይቋት።"

ጭቃ ውስጥ የጣልኳቸው ሰው ልጃቸውን ፈቀዱልኝ! ወደ ክሊኒኩ ስሄድ እግሬ መሬት አልነካም።

ድንቅነሽ በር ላይ ወጥታ አገኘችኝ። አልሳቀችም።

"አባቴ ሲዘጉት አይተሃል?"

"አይቻለሁ።"

"ያ ዘይት እጃቸውን ቢያገኘው ምን ይሆኑ ነበር?"

እኔ ጅሉ ስለ ሙያዬ የተጠየቅኩ መሰለኝ። ቆዳ እንዴት እንደሚበሳ፣ ሥጋው እንዴት እንደሚሞት፣ እጅ እስከ የት እንደሚቆረጥ ደረቴን ነፍቼ አስረዳኋት። ቁስል ስታጥብ ለምትውል ሴት! እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

"ይሄን ሁሉ እያወቅክ ነው ያስነሳኸው?"

"አክብሬያቸው ነው እኮ። ሰው ፊት እንዳላሳጣቸው ብዬ።"

"አይደለም" አለች። "እኔን እንዳይከለክሉህ ፈርተህ ነው። በአባቴ እጅ ነው የቆመርክብኝ።"

እዚያው ቆመች። አላባረረችኝም፣ በሩንም አልዘጋችም። አሁን ሳስበው መልስ እየጠበቀች ነበር። ለመቆጣት የመጣች ብትሆን ተናግራ ትገባ ነበር።

እኔ ዝም አልኩ።

ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ እንደ ጨዋ ልጅ፣ ዝም!

"አየህ?" አለችና ገባች።

በኋላ የጎሬ አስተማሪ አገባች። ባላምባራስ ነገሩ ለምን እንደፈረሰ ሳይገባቸው፣ እስኪሞቱ ድረስ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አቅፈው ይስሙኝ ነበር። እሱ ነበር ከሁሉ የሚከብደኝ።

"እውነትሽን ነው" ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። ይቺን ለማለት አንድ ሰው ምን ያህል ጊዜ ይበቃዋል? እኔ ይኸው ዛሬ ነው የወጣልኝ፣ እሱም ለእሷ ሳይሆን ለእናንተ።