ረዲ ቆሟል፣ መርሳ ሄዳለች

ጦርነቱ ከመርሳ ከተማ ወጥቶ የቀበሌ መሥሪያ ቤታችን ወደ መርሳ በተመለሰበት ሰሞን፣ ወደፊት ታሪክ ራሱ ቆሞ የሚያጨበጭብለት አንድ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሥራው በጦርነቱ የተወሰዱ ሰዎችን ጉዳይ ማጣራት ነው። ማስረጃ በጥራት ደረጃው ብቻ የሚቀበል፣ ለእንባ ቦታ የሌለው፣ እጅግ ዘመናዊ ኮሚቴ ነበር። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ስለተመደብኩ ይህን ሁሉ ጥበብ በቅርብ ለማየት ታድያለሁ።

ሊቀመንበራችን ጋሽ ሀብቴ ናቸው። ጋሽ ሀብቴ በክፉው ጊዜ ሕዝባቸውን ለአፍታም አልዘነጉም፤ መጀመሪያ ከደሴ፣ ቀጥሎ ከኮምቦልቻ፣ በመጨረሻም ከደብረ ብርሃን ሆነው ሲያስቡት ነበር። በራቁ ቁጥር ሐሳባቸው እየሰፋ መሄዱን በመክፈቻ ንግግራቸው ላይ ራሳቸው ገልጸዋል።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ሀስና ነበረች። ባሏ ረዲ ከመስጊዱ አጠገብ ባለች ሱቁ ልብስ ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ታጣቂዎች ከሱቁ አውጥተው ወሰዱት፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ሀስና ከቤቷ መስኮት፣ ከመጋረጃው ጥግ ሆና በስልኳ ቀርጻዋለች። የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ረዲ «የተወሰደ» ተብሎ ይመዝገብና ስሙ ለፈላጊዎች ይተላለፍ። «የተወሰደ» ካልተባለ «በፈቃዱ የሄደ» ይባላል። በፈቃዱ የሄደን ደግሞ ማንም ፍለጋ አይወጣለትም።

ቪዲዮው ተከፈተ። ሰማይ ታየ፣ መጋረጃ ታየ፣ የረዲ ሰማያዊ ሸሚዝ ታየ፣ ክላሽ ታየ፣ ከዚያ እንደገና ሰማይ። ጋሽ ሀብቴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይንቀጠቀጣል።»

«አዎ ጋሼ። እጄ ነው።»

«በሁለት እጅሽ ለምን አልያዝሽውም?»

«በሁለተኛው የልጃችንን አፍ ይዤ ነበራ! ካለቀሰ ይሰሙናል።»

ኮሚቴው ምክንያቷን በአክብሮት ካዳመጠ በኋላ ቴክኒካዊ አለመሆኑን አረጋገጠ።

ስብሰባውን በዱዓ እንዲከፍቱልን የተጋበዙት ሼህ ኡበይደላ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ኧረ ሀብቴ፣ ረዲ መወሰዱን መርሳ ሙሉ ያውቃል። ሰፈሩን ሰብስበን አውጫጭኝ እንቀመጥ። ያየ ያየውን ይናገራል፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ነገሩ ያልቃል። አባቶቻችን የጠፋ በሬ ሳይቀር የሚያገኙት እንዲህ ነበር።»

«ሼህ፣ እኔስ መች አጣሁት? ይሄን ሱሪ የሸጠልኝ ረዲ ነው። ግን ማወቅ ሌላ፣ ማስረጃ ሌላ።»

«ለሚያውቅ ሰው ማስረጃ ምን ይሠራለታል?»

«ለኮሚቴው ነዋ!»

ስለዚህ ቪዲዮው በዘመናዊ ሶፍትዌር እንዲረጋ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ከወልድያ ኤርሚያስ ተጠራ። ኤርሚያስ ከጦርነቱ በፊት የሠርግ ቪዲዮ ሲያቀናብር የኖረ ልጅ ነው። መብራት ገና አልተመለሰምና ኮምፒውተሩንም ጄኔሬተሩንም ተሸክሞ መጣ።

የመጀመሪያው ሙከራ ግሩም ነበር። ምስሉ ረጋ፣ ሰማዩም ቦታውን ያዘ። ረዲ በመንገዱ መሀል ሲራመድ ቁልጭ ብሎ ታየ።

«ታጣቂዎቹስ?» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

«ጠርዝ ጠርዙ ላይ ነበሩ ጋሼ። ሶፍትዌሩ ምስሉን ለማርጋት ጠርዙን ይቆርጣል።»

«እንግዲህ እንደምናየው ግለሰቡ ብቻውን፣ ያለ ማንም አስገዳጅ፣ ረጋ ብሎ እየሄደ ነው።»

ሀስና ከመቀመጫዋ ተነሣች። «እጁን የኋሊት አስረውት እኮ ነው ጋሼ!»

«ሰው ሲንሸራሸርም እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል። እኔ ራሴ አደርጋለሁ።»

ኤርሚያስ መቁረጡን ቀነሰው። ታጣቂዎቹ ተመለሱ፣ ነገር ግን በዚህኛው የመስጊዱ ሚናራ ወዲያና ወዲህ ይተጣጠፍ ጀመር። ኤርሚያስ ይህ የስልኩ ካሜራ ጠባይ እንደሆነ ቢያስረዳም፣ ኮሚቴው ሚናራው በጉዳት ዝርዝር ይግባ አይግባ በሚል እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከረ። በመጨረሻ ሼህ ኡበይደላ ወደ በረንዳው ወጥተው አዩና ተመለሱ።

«ቆሟል» አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ሚናራው ጤነኛ ነው። የታመመው ሌላ ነው።»

ይህም ተመዘገበ፤ የታመመው ማን እንደሆነ ግን አልተጠየቀም።

ከምሳ በኋላ ኤርሚያስ አንድ የመጨረሻ መፍትሔ አቀረበ። ለሶፍትዌሩ የማይንቀሳቀስ ነገር ይመረጥለታል፤ እሱም ያንን አጥብቆ ይይዝና ሌላውን ሁሉ በዚያ ልክ ያስተካክላል። «የሱቁን ግድግዳ ብንሰጠው ይበቃዋል» አለ።

ጋሽ ሀብቴ ጠረጴዛውን መቱ። «ግድግዳ? ይሄ ኮሚቴ ሰው ተኮር ነው! ረዲን ይያዝ!»

«ጋሼ፣ ረዲ እኮ እየተራመደ ነው። እሱን ከያዘው…»

«ተወስኗል።»

ሶፍትዌሩ እንደ አንዳንዶቻችን ሁሉ የታዘዘውን የሚፈጽም ነውና ረዲን ያዘ። በቪዲዮው ረዲ በምስሉ መሀል ተተክሎ ቆመ። ከኋላው ሱቆቹ፣ የመብራት ምሰሶው፣ መስጊዱ፣ ጠቅላላ መርሳ ተሰልፋ ወደ ግራ አለፈች። ከዚህ የበለጠ የረጋ ሰው ቤቱ አይቶ አያውቅም። ሁለት አባላት አጨበጨቡ።

ጋሽ ሀብቴ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩ። ድምፃቸው እንደ ዳኛ ከበደ። «ማስረጃው ግልጽ ነው። ረዲ ቆሟል። የሄደችው መርሳ ናት። ያልሄደ ሰው ደግሞ ሊወሰድም ሊጠፋም አይችልም።»

ከሀስና አፍ ሳቅ የመሰለ ድምፅ ወጣ፤ ወዲያው ፊቷን በሻሿ ሸፈነች፣ ትከሻዋም ይርገበገብ ጀመር። ኤርሚያስ ኮምፒውተሩ ላይ አቀረቀረ። እኔ በጣም አፈርኩ፤ ማፈር በአጀንዳው ስላልነበረ ግን አልመዘገብኩትም።

ጋሽ ሀብቴ ባለጉዳይን ባዶ እጁን የሚሸኙ ሰው አይደሉም፤ ምክር ይሰጣሉ። ለወደፊቱ ሕዝቡ ጥራት ያለው ማስረጃ እንዲቀርጽ እዚያው አጭር ሥልጠና ከፈቱ። የሀስናን ስልክ ተቀብለው አያያዙን አሳዩ። «ክርን ወደ ጎድን! ትንፋሽ ዋጥ! መንቀጥቀጥ የሥልጠና ማነስ እንጂ ሌላ አይደለም።» ከዚያ ስልኩን መለሱላት። «በይ እስቲ አሁን እኔን ቅረጪኝ።»

ሀስና እንባዋን ጠርጋ ስልኩን አነሣች። ጋሽ ሀብቴ ደረታቸውን ነፍተው ስለ ቆራጥነት መናገር ጀመሩ።

በዚህ ጊዜ በዋናው መንገድ ላይ የአንድ ጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ።

ሼህ ኡበይደላ «ቢስሚላህ» ብለው በተቀመጡበት ቀሩ። ሀስና ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። የቀረነው ኮሚቴው በሙሉ ጠረጴዛው ስር ነበርን፤ ቦታ ስለጠበበ የጋሽ ሀብቴ ሱሪ፣ ማለትም የረዲ ሱሪ፣ ከነባለቤቱ ግማሽ ጎን ውጭ ቀርቶ ነበር። «ማሩኝ፣ እኔ የቀበሌ ሰው አይደለሁም!» የሚል ድምፅ ከስር ተሰማ። የማን እንደሆነ ለመገመት የሚቸገር አልነበረም።

ጎማ መሆኑ ታወቀና ወጣን። ሀስና ቪዲዮውን ከፈተችው። ሶፍትዌር አያስፈልገውም ነበር። ጠረጴዛው ቀጥ ያለ፣ ድምፁ የጠራ፣ ጠርዙ ሙሉ።

ጋሽ ሀብቴ ጉልበታቸውን እያራገፉ ትኩር ብለው አዩት። በመሀል የጥራት ነገር አሸነፋቸው። «እጅሽ ግን… ምንም አልተንቀጠቀጠም እኮ።»

«ጠረጴዛው ስር የገባው የእኔ ሰው አይደለማ፣ ጋሼ።»

ከዚያ ኮሚቴው እንደተቋቋመ ያልታየ ቅልጥፍና አሳየ። መንቀጥቀጥ «እንደ ሁኔታው» ተቀባይነት እንዲኖረው ተወሰነ፤ ረዲም ከሚንቀጠቀጠው ቪዲዮ ጋር «የተወሰደ» ተብሎ ተመዘገበ። አዲሱ ቪዲዮ የጥራት መስፈርቶችን ሁሉ ያሟላ የመጀመሪያው ማስረጃ ቢሆንም፣ ለሕዝብ ሰላም ሲባል ባስቸኳይ እንዲጠፋ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ጋሽ ሀብቴ ወደ ሀስና ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በይ ሀስናዬ፣ አጥፊው እንጂ።»

ሀስና ስልኩን በሻሿ ጫፍ ጠቅልላ ብብቷ ስር አስገባችው።

«አጠፋዋለሁ ጋሼ፣ ወላሂ አጠፋዋለሁ» አለች። «ረዲ የመጣ ለት።»