ያለ ማጀቢያ የማይታዘንበት አገር

ካርታ ሠሪዎች ቀለም ሲያልቅባቸው ባዶ በሚተዉት ወገን አንድ አገር ነበረ። ስሙን እናውቀዋለን። ነገር ግን የአገሩ ስም ሲነሣ ተገቢው ሙዚቃ እንዲቀድመው ሕጉ ስለሚያዝ፣ በወረቀት ላይ ደግሞ ሙዚቃ ማሰማት ስለማይቻል፣ በአክብሮት ትተነዋል።

የዚህ አገር ሰዎች በጥንት ዘመን እንደማንኛውም ሕዝብ ሲከፋቸው ያለቅሱ፣ ደስ ሲላቸው ይስቁ ነበር ይባላል። በኋላ ቴሌቪዥን መጣ፤ ከቴሌቪዥኑም ጋር ተከታታይ ድራማ መጣ። ድራማው ለብዙ ዓመታት ሳይቋረጥ ስለታየ ሕዝቡ ከእሱ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ቀሰመ፤ ይኸውም ስሜት ከሰው ልብ ሳይሆን ከበስተጀርባ የሚመጣ ነገር መሆኑን ነው። ቫዮሊን ሲገባ ሰው ያዝናል፤ ዋሽንት ሲገባ ይናፍቃል፤ ከበሮ ዱብ ዱብ ሲል በር ላይ መጥፎ ሰው ቆሟል።

ነገሩ በይፋ የታወቀው አንድ የተከበሩ ሽማግሌ በሞቱ ጊዜ ነው። ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ተሰበሰበ፤ እንባ ግን ከማንም ዓይን አልወጣም። የሟች ባለቤት መሐረባቸውን እንደያዙ ግራና ቀኝ ይመለከታሉ፤ እድርተኛው መሬት መሬቱን ያያል። በዚህ መካከል አንድ ሚኒባስ የመለያየት ዘፈን ለቅቆ በድንኳኑ አጠገብ ሲያልፍ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ደረቱን እየደቃ ብድግ አለ። ሚኒባሱ ሲርቅ ለቅሶው ቆመ። ሾፌሩ በሽማግሌ ተለምኖ ድንኳኑን ሲዞር ዋለ። በሳምንቱ እድሩ ከድስቱና ከአግዳሚ ወንበሩ ሌላ ኪቦርድ ገዛ።

የአገሩ ገዢም ከሕዝባቸው ወደ ኋላ የሚቀሩ ሰው አልነበሩም። ውኃ ከእንግዲህ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንደሚመጣ የሚገልጸውን አዋጅ በሙሽራ ዘፈን አጅበው ቢያስነብቡት፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ እስክስታ ወረደ። ዘፈኑ ሲያልቅ አንዳንዶች ባዶ ባልዲያቸውን እያዩ የተነገረውን ለማስታወስ ሞክረው ነበር፤ ትዝ ያላቸው ግን ዜማው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ማጀቢያ የሌለው ስሜት እንደ ስሜት እንዳይቆጠር ተደነገገ፤ ለየሰፈሩም አንዳንድ አጃቢ ተሾመ። አጃቢው የሚጫወተው ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ ነው፤ በድራማው ውስጥ ሙዚቀኛው ታይቶ ስለማያውቅ መታየቱ ነውር ነበር።

የታችኛው ሰፈር አጃቢ ሙሉሰው የሚባል፣ ጣቱ ፈጣን፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ጎልማሳ ነው። በሰፈሩ ያለ እሱ የተጋባ፣ የታረቀ፣ ያለቀሰም አልነበረም። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ቢጣሉ እንኳ «ቆይ፣ ሙሉሰው ይምጣ!» ተባብለው ዱላቸውን ተደግፈው ይጠብቁት ነበር። የእሱ የራሱ ልብ ግን በገበያው ዳር ጃንጥላ የምትጠግነው የሻረግ ዘንድ ነበር። ችግሩም ግልጽ ነው፦ ፍቅሩን ሊነግራት ከመጋረጃው ሲወጣ ሙዚቃው ይቆማል፤ ሙዚቃውን ሲጫወት ደግሞ እሱ ከመጋረጃ ጀርባ ነው።

አንድ ቀን ጨከነና ባዶ እጁን ሄደ።

«የሻረግ፣ እወድሻለሁ» አላት።

እሷም መርፌዋን ጃንጥላው ላይ እንደሰካች ቀና ብላ ጠበቀች።

«ቀጥላ!» አለችው።

«ጨረስኩ እኮ።»

«ሙዚቃውስ?»

«የለም።»

«ታዲያ ይኼ ምኑ ፍቅር ነው? ዜና ነው እንጂ!» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋም ማጀቢያ እንደሌለው ትዝ ብሏት አፏን ያዘች። «ሙት ስልህ፣ እኔም የምወድህ ይመስለኛል። ግን እርግጠኛ እንድሆን ሽማግሌ ላክና በሙዚቃ አስጠይቀኝ።»

ሙሉሰው ዘዴ አገኘ። ዜማውን ቀድሞ በቴፕ ቀዳው። መግቢያው ላይ ለሽማግሌዎቹ ሳል የሚሆን ቦታ ተወ፤ መካከሉን ለአባትየው ማመንታት አመቻቸው፤ ከፍታውን ደግሞ «ሰጥቻለሁ» ለምትለው ቃል በልኳ ሰፋት።

በተቀጠረው እሑድ በአባቷ በባላምባራስ ደርሶ ቤት ቴፑ ሶኬት ላይ ተሰካ። ድሮ ጠያቂውም ልጅቷም ከሽምግልናው ዘወር ይሉ ነበር፤ በድራማው ግን ሁሉም ሰው አንድ ሳሎን ውስጥ ስለሚቆም እነሱም ቆመዋል። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ ይመኑ በመግቢያው ሳሉ፣ ከዚያም ጠየቁ። ባላምባራስ በተመደበላቸው ቦታ አመነቱ። ዜማው ከፍ፣ ከፍ ሲል የየሻረግ ዓይን በእንባ ሞላ። ባላምባራስም ብድግ ብለው «እንግዲህ እኔም ልጄን…» ሲሉ መብራት ጠፋ።

ባላምባራስ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ከላይኛው ሰፈር ይሰማ የነበረው ለቅሶ ቀጥ አለ። በመንገዱ ማዶ በሬዲዮ ከበሮ ታጅበው ሊማቱ የተያያዙ ሁለት ሰዎች፣ ኮሌታ ለኮሌታ እንደተናነቁ፣ መብራቱ ቶሎ ይመጣ እንደሆነ በሰላም ይጠያየቁ ጀመር።

«ባላምባራስ፣ ሰጡ ወይስ አልሰጡም?» አሉ ጋሽ ይመኑ።

«እኔ በምን አውቄ? ሙዚቃው መች አለቀና!»

«ምን ሊሉ ነበር ታዲያ?»

«ወደ መስጠቱ ሲወስደኝ ነበር፤ ሳያደርሰኝ ጥሎኝ ሄደ እንጂ።»

ሙሉሰው ወደ ባላምባራስ ጠጋ አለ። «ባላምባራስ፣ የቀረችው አንዲት ቃል ናት። እኔው ላንጎራጉርልዎት።»

«በአፍህ? ልጄን በአፍህ ልትወስዳት?» አሉና ሊቆጡ ፈለጉ፤ ግን ለቁጣውም ከበሮ ስላልነበረ ተመልሰው ተቀመጡ።

በዚህ ጊዜ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው መጀመሪያ ጠብ ጠብ፣ ቀጥሎ ዷ ዷ ይል ጀመር። ጋሽ ይመኑ ጣታቸውን አነሡ።

«ዝም በሉ እስቲ! በድራማው ዝናብ የሚዘንበው መቼ ነው?»

ሁሉም ያውቃል። በድራማው ዝናብ የሚዘንበው ፍቅረኞች ሲለያዩ ብቻ ነው።

«ሙሉሰው» አለች የሻረግ፣ «ለካ ልንለያይ ኖሯል?»

«ገና መች ተገናኘንና!»

«እሱ አይደል አንጀት የሚበላው!»

ሙሉሰው «ይኼ እኮ ዝናብ ነው» ብሎ ሊከራከር አፉን ከፈተ። ነገር ግን እሱም ድራማውን እያየ ያደገ ሰው ነው። ዶፉ ሲጠነክር እግሩ ሳያማክረው ወደ በሩ ዞረ። በጥጉ የየሻረግ የተጠገኑ ጃንጥላዎች ተደርድረው ሳለ አንዱንም ሳያነሣ ወጣ፤ በድራማው የሚለይ ሰው ጃንጥላ ይዞ አያውቅምና።

በግቢው በር ላይ መሰላል ከተሸከመ የመብራት ሠራተኛ ጋር ተላለፉ። ሠራተኛው ከምሰሶው ወርዶ፣ «ቤቶች! መጣላችሁ?» እያለ ገና ደፉን ሲረግጥ አምፖሉ በራ፤ ቴፑም ካቆመበት ቀጠለ። ያቆመው ደግሞ ከፍታው ላይ ነበር። የሻረግ ቀና ብትል በሩ ላይ አንድ ሰው በዝናብ ርሶ ቆሟል። ዜማው በልክ ወደተሰፋው ቦታ ደረሰ።

«…ሰጥቻለሁ!» አሉ ባላምባራስ።

«እሰይ! ይባርክ!» አሉ ጋሽ ይመኑ።

«ምኑን?» አለ ሠራተኛው። ወዲያው ግን ዋሽንቱ ገባ፤ እሱም የሻረግን አየና መሰላሉን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው።

የየሻረግና የመብራት ሠራተኛው ሠርግ ሲደገስ ያጀበው የሰፈሩ አጃቢ ሙሉሰው ነው፤ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ጭፈራው ደርቶ ሳለ የሻረግ ቬሏን ሰብሰብ አድርጋ በመጋረጃው ጠርዝ አጮለቀች።

«ሙሉሰው፣ ከፍቶሃል እንዴ?»

እሱም እጁን ከኪቦርዱ ሳያነሣ ራሱን በጥንቃቄ መረመረ። «እኔ እንጃ። የሚያጅበኝ እስካላገኘሁ ድረስ እንዲህ ነው ማለት አይቻልም።»

«ሌላ አጃቢ ጠፋ?»

«በሰፈሩ ያለሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ይኸው ሥራ ላይ ነኝ።»

«እንግዲያው ሲመችህ ታዝናለህ» ብላ በቅንነት አጽናናችው፤ ወደ ሙሽራውም ተመለሰች።

ከዳሱ መሐል ጋሽ ይመኑ፣ «ኧረ ሞቅ አድርገው!» ብለው ጮኹ። ሙሉሰውም ሞቅ አደረገው። ጥቂት ቆይቶ ትከሻው ከዜማው ጋር ይነቀነቅ ጀመር፤ ፊቱ በራ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ብቻውን እልል አለ። ሕጉ የሚጠይቀው ሁሉ ተሟልቶለት ስለነበር፣ በዚያ ቀን በዳሱ ውስጥ ከሙሽሮቹም ቢሆን እንደ እሱ የተደሰተ ሰው አልተገኘም።