የኢንጂነር ሙሉብርሃን ውስጠኛ ኮምፒዩተር

መርካቶ ውስጥ ኮምፒዩተር የሚጠግን ሁሉ ኢንጂነር ነው። ማዕረጉን ማን እንደሰጠው አይጠየቅም። ኢንጂነር ሆኖ “አላውቅም” ያለም እስከዛሬ አልተገኘም።

የሸማ ተራው ኢንጂነር ሙሉብርሃን ግን ይብሳሉ። እትዬ ቦሰና የሐበሻ ቀሚስ በማሽን ያስጠልፋሉ፤ ዲዛይናቸው ሁሉ ያለው ኢንጂነሩ ጋ ነው። የጥልፉ ፕሮግራም አርጅቶ አዲሱ ኮምፒዩተር አልቀበልም ሲል፣ ኢንጂነሩ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ሌላ የድሮ ኮምፒዩተር ፈጠሩለት።

“ቨርቹዋል ይባላል፣ እትዬ። ቤት ውስጥ እንዳለ ጓዳ በሉት።”

“ጓዳው በር አለው?”

“በርማ የለውም! ውስጠኛው በቫይረስ ቢሞት ውጪኛው ለቅሶ አይደርስም።”

በዚህ እምነት ማንም ያመጣውን ፍላሽ ውስጠኛው ላይ ይሰኩታል። የሰርግ ዘፈን፣ ፊልም፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዲዛይን፣ ሁሉም ይገባል። ጠዋት ጠዋት ስክሪኑ ላይ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ሳያነቡ “በኋላ” የሚለውን ይጫናሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው፣ ጋቢ ሻጩ ቡርሃን፣ አነበበላቸው።

“ኢንጂነር፣ ቀዳዳ ተገኝቶብኛል ይላል እኮ። ውስጠኛው የገባ ሌባ ወደ ውጪኛው ይሻገራል፣ ቶሎ አፕዴት አድርጉኝ ነው የሚለው።”

“አንተ ጋቢህን ሽጥ። የሚሰራ ነገር አይነካም።”

ሳምንት አልሞላም። ሰኞ ዕለት አንድ ደንበኛ ያመጣው ፍላሽ ተሰካና ውስጠኛው ድርግም አለ። ኢንጂነሩ ሳቁ። “አላልኳችሁም? እዛው ታፍኖ ይቀራል።” ሳቃቸውን ሳይጨርሱ የውጪኛውም ስክሪን ቀላ፤ ፋይሉ ሁሉ ተቆለፈ። የእትዬ ቦሰና የአስር ዓመት ዲዛይን አብሮ ሄደ። ሐሙስ የሚረከብ የሰርግ ጥልፍም እዛው ውስጥ ነበር፤ አስራ ሁለት ቀሚስ፣ የተሰራው ለናሙና አንዱ ብቻ።

“ኮፒ አለህ አይደል?” አሉ እትዬ ቦሰና።

“ኮፒውማ አለ።”

“የት?”

“እዚሁ። ውጪኛው ላይ።”

“ጥፋቱ የኔ ነው! ምላስህን አምኜ ንብረቴን ያስቀመጥኩት!”

እትዬ ቦሰና እየተሳደቡ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሌላ ባለሙያ ጋ ሮጡ። ባለሙያው “የተቆለፈው አይከፈትም፣ እናቴ” ብሎ በትህትና ሸኛቸው።

ሲመለሱ ኢንጂነሩ የናሙናውን ቀሚስ ገልብጠው ዘርግተውታል። በአንድ እጃቸው አጉሊ መነጽር፣ በሌላው የተዋሱት፣ የድሮውን ፕሮግራም የሚቀበል አሮጌ ላፕቶፕ።

“ምን እያደረክ ነው?”

“ክር እየቆጠርኩ። ዞር በሉ እትዬ፣ ብርሃን ከለሉብኝ።”

ማክሰኞን ሙሉ ቀን ክሩን ሲቆጥሩና ጥልፉን ላፕቶፑ ላይ እንደ አዲስ ሲስሉ ዋሉ። ላፕቶፑ አፕዴት ልደረግ ሲል ብቻ ቡርሃንን ጠርተው አስነበቡት፤ የተጫኑት ግን ራሳቸው ናቸው። ረቡዕ ማሽኑ ሲጠልፍ አደረ።

ሐሙስ የሙሽሪት እናት ወይዘሮ ማርያማዊት መጡ። መነጽራቸውን አድርገው የቀሚሶቹን ደረት አንድ በአንድ አዩ።

“ቦሰናዬ፣ የዚህ መስቀል ግራ ክንዱ አላጠረም? ከናሙናው በቀር ሁሉም ላይ እኮ ነው።”

ኢንጂነሩ በር ላይ ቆመው ጫማቸውን ያያሉ። እትዬ ቦሰና ወደሳቸው አልዞሩም።

“የዘንድሮ ፋሽን ነው፣ እህቴ” አሉ። “እንዲህ አድርጎ የሚነድፍ መርካቶን ብታስሺ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።”