ካላሳዩ የማያድሩት አቶ አራጌ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ ያወቀውን አንተም ካላየህለት እህል አይወርድለትም። በሃምሳዎቹ ማብቂያ እግዚአብሔር ይህን ሰው ለቆቦ ክሊኒካችን ላብራቶሪ ሰጠን። ክቡር አቶ አራጌ ይባላሉ። "ክቡር"ን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ሥራ ላይ ላያቸው ግን ሲያንሳቸው ነው።

እኔ የካርድ ክፍል ጸሐፊ ስለነበርኩ ከቆቦ ሕዝብ ሁሉ ብዙ ያየሁ እኔ ነኝ። ወባ አይቻለሁ። ወስፋት አይቻለሁ። ምሳዬን በልቼ ስመለስ "ና፣ ይቺን ሳታይ አትቀመጥ" ይሉኛል፤ የማን እንደሆነ የማላውቀው ሰገራ ነው። ላንገራግር ስል "እመነኝ አልልህም፤ ራስህ እይ" ይላሉ። ማይክሮስኮፑ ብርሃን የሚያገኘው ከፀሐይ ስለሆነ ጠረጴዛቸውን ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይዋን ተከትለው ይጎትታሉ። ደመና የሆነ ቀን በሽተኛው ሁሉ ሰማይ ሰማይ እያየ ይውላል።

አንድ የገበያ ቀን ጓንጉል የሚባል የዋጃ ገበሬ ከፈለች የምትባል ሚስቱን ይዞ መጣ። ከማህፀኗ የሚወጣ ፈሳሽ አስቸግሯታል፤ ሽታም አለው። ጓንጉል ቁርጡን ተናገረ።

"ጨብጥ ከሆነ ሌላ ሰው ጋ ሄዳለች ማለት ነው። ዛሬውኑ አባቷ ቤት ትገባለች።"

ከፈለች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች።

ነርሷ ናሙናውን አመጣች። አቶ አራጌ መጀመሪያ አሲድነቱን በቀለሙ በሚያሳየው በሊትመስ ወረቀት ነካ አደረጉት። ከዚያ ጥቂቱን መስታወት ላይ ቀብተው ቀለም ውስጥ ነክረው አደረቁ፤ የቀረውን በጠብታ ውሃ ሌላ መስታወት ላይ ዘረጉ። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱና "ዓሣ ዓሣ ይላል" አሉ። ዓሣ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ የላብራቶሪ መጽሐፋቸው እንዲህ ስላለ ነው። ቀጥሎ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍተው ቆዩ።

"የጨብጥ ዘር የለም" አሉ። "ከገላዋ የረገፉት ሕዋሳት ጤፍ የተነሰነሰባቸው ይመስላሉ። ይሄ ሌላ በሽታ ነው፤ ማንም ሳያመጣባት ይመጣል።"

"ዘመዷ ነዎት እንዴ ጌታው?" አለ ጓንጉል።

"እመነኝ አልልህም፤ ራስህ እይ።"

ጓንጉል አጎነበሰ። አንዱን ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ከታገለ በኋላ ቀና ሳይል ተናገረ።

"አገኘሁት። ጥቁር ነው፤ እግሩ ብዙ ነው። ይኸው ይንቀሳቀሳል። ይሄን ነው የደበቃችሁኝ።"

ከፈለች ማልቀስ ጀመረች። ካርዷን ላቀብል የገባሁት እኔም ደርቄ ቀረሁ። አቶ አራጌ ግን ቅንድባቸውንም አላነሱ።

"እስቲ ዓይንህን አርገብግብ" አሉት።

"አርገበገብኩ።"

"አውሬው ምን አደረገ?"

"አብሮኝ ተርገበገበ።"

"ድገም።"

ጓንጉል ደገመ። ከዚያ እጁን ቀስ አድርጎ ሰዶ የዓይኑን ሽፋሽፍት ዳሰሰ።

"በገዛ ሽፋሽፍቴ ነው እንዴ ሚስቴን ልፈታ የነበረው?" አለ።

ነርሷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች። ጓንጉልም ራሱ አፍሮ ሳቀ። ያልሳቀችው ከፈለች ብቻ ነበረች።

"እኔም ልየው" አለች። ዕንባዋን ጠርጋ አጎነበሰችና "ይቺ ናት? ክረምቱን ሙሉ ቀና ብዬ እንዳልሄድ ያረገችኝ ይቺ ናት?" አለች።

ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰው ያጉረመርማል። አቶ አራጌ ወንበራቸውን ለቀቁላትና እስኪወጣላት ድረስ አጠገቧ ቆመው ጠበቋት። ስንቴ ያማኋቸውን ሰውዬ ያን ቀን ልቤ እስኪሞላ ወደድኳቸው።