የኑክሌር ጎረቤቴና የሰርጉ ጥብስ

የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ባለበት ከተማ ሁሉ ሥራውን ተሸክሞ እቤቱ የሚገባ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ለአርጀንቲናዋ የሐይቅ ዳር ከተማ የደረሱን ክቡር ዶን ኤባሪስቶ ናቸው። አጥር ለአጥር ነን። ቀናሁባቸው ብል ያንሳል፤ ቅናቱ ጨጓራዬን ልጦታል።

የሚሠሩት መቆጣጠሪያ ክፍል ነው። እዚያ የታዘዘ ሰው የሰማውን ቃል በቃል ይደግማል፤ ያዘዘው “ልክ ነው” ሳይለው ጣቱን አያንቀሳቅስም። ደግ፤ አቶም ነው፣ ያስፈራል። ግን እኮ ዳቦ ቤትም ያው ናቸው! ባለዳቦዋ “በሩን ይዝጉት” ስትላቸው “በሩን ልዝጋ” ይላሉ፤ “ልክ ነው” እስክትላቸው እጀታውን ይዘው ሲጠብቁ እኛን ብርድ ይፈጀናል።

አምፖል በበራ ቁጥር ደግሞ ደረታቸውን ነፍተው “ይቺ ከኛ ናት!” ይላሉ። አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ “ይቺስ?” አልኳቸው። “ይቺ የመስመር ችግር ናት” አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ።

ሴቶቹ ግን ሞተውላቸዋል። “አየህ፣ የሚሰማ ወንድ!” ትለኛለች ባለቤቴ ኔሊዳ። “አንተ እኮ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ‘እ?’ ነው የምትለው።”

ይህን ሁሉ ችያለሁ። አንዲት ነገር ቀርታኝ ነበራ፦ የሰፈሩን ሥጋ የምጠብሰው እኔ ነኝ። እኛ አርጀንቲናዎች ሥጋ ለጠበሰ ሰው እናጨበጭባለን፤ ያን ደስታ ጳጳስም አያገኘው። የልጄ የሮሚና ሰርግ ሲደርስ ታዲያ እሳቱን ለማን ሰጠች? ለዶን ኤባሪስቶ! “አባዬ፣ አንተን እኮ...” ብላ ጀምራ ነበር፤ ደሜ ፈልቶ ቀሪውን አልሰማሁም። በሩን ወርውሬ ወጣሁ።

በሰርጉ ቀን ወይኔን ጨለጥ ጨለጥ አደረግኩና ሄጄ እሳቱ ፊት ተገተርኩ።

“ዞር በል! የልጄ ሰርግ ነው፤ እሳቱን አስረክበኝ!”

“እሳቱን ላስረክብህ። ሰምቻለሁ” አሉ፣ መቆንጠጫውን እንደያዙ። “አላስረክብም። ተረካቢ ከጠጣ ተረኛ ቦታውን አይለቅም፣ ኦስባልዶ። ደግሞ ልጅህ ያዘዘችኝን ቃል በቃል ደግሜላታለሁ፦ ‘የመጀመሪያውን ዋልስ የምደንሰው ከአባዬ ጋር ነው፤ እሱ እሳት ላይ ከቆመ አይለቅም፤ እርስዎ ይያዙልኝ።’ ‘ልክ ነው’ ብላኛለች።”

ሙዚቃው ጀመረ፤ ሮሚና እጇን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። እየደነስን ቀሚሷን ረገጥኩባት።

“ነግሬህ ነበር እኮ፣ አባዬ” አለችኝ። “መች ሰማኸኝ?”

አለቀስኩ፤ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ።

ሥጋው ተበልቶ ሲያበቃ አንዱ “ጭብጨባ ለጠባሹ!” ብሎ ጮኸ። ከሁሉ ቀድሜ ብድግ ያልኩት እኔ ነኝ፤ መዳፌ እስኪቃጠል አጨበጨብኩላቸው። እግዜር ያኑርልኝ፣ እኚህን ሰው!

ጎድኑ ግን ደርቆ ነበር። ይህን እስካሁን ለማንም አልተነፈስኩም።