መኝታ ቤት ውስጥ የተቆረቆረው ደጋ

ለአገር የሚተርፍ ሐሳብ ሁሉ በአዳራሽ አይወለድም። አንዳንዱ መኝታ ቤት ውስጥ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ተደርቦ ይወለዳል። የአቶ ዘውዴ ታላቅ የኤሲ ወጪ ቅነሳ ንቅናቄም የተወለደው እንዲሁ ነው፤ ያውም ከአንኮበር ቁልቁል ተወርዶ በሚገኝ፣ ውሻ እንኳ ከጥላ ወደ ጥላ ካልሆነ በማይራመድበት ቆላ።

አቶ ዘውዴ ተወልደው ያደጉት ደብረ ብርሃን ነው። ወደዚህች የቆላ ከተማ በጽሕፈት ቤት ኃላፊነት የወረዱት ሹመት አጓጉቷቸው አይደለም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብዙነሽ አስም አለባቸው። የደጋው ብርድ በበረታ ቁጥር ደረታቸው እየተዘጋ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ቁጭ ብለው ነበር የሚያነጉት። ሐኪሙ ሞቅ ያለ አገር እንዲኖሩ መከራቸው። አቶ ዘውዴ ሚስታቸውን ይወዳሉና ዝውውር ጠየቁ፤ ሲፈቀድላቸውም ጓዛቸውን ጭነው ወረዱ። እስከዚህ ድረስ የሚያስቀኑ ባል ናቸው።

ከጓዛቸው መካከል የደብረ ብርሃን ብርድ ልብሶች ነበሩ። አቶ ዘውዴ በዚህ ጉዳይ ጽኑ አቋም አላቸው። "ብርድ ልብስ ያልተጫነው ሰው ተኛ አይባልም፤ ተጋደመ ነው የሚባለው" ይላሉ። ቆላው ደግሞ እንኳን ብርድ ልብስ አንሶላም አያስለብስም፤ ሰው ገና ሳይነሳ በላብ ይታጠባል። ደግነቱ ከሹመቱ ጋር የተሰጣቸው የመንግሥት ቤት መኝታ ክፍል የአየር ማቀዝቀዣ ኤሲ ነበረው። አቶ ዘውዴ ሪሞቱን አንስተው አሥራ ስድስት ዲግሪ ላይ አደረጉት። ክፍሉ ወዲያው የኅዳርን ደብረ ብርሃን መሰለ፤ እሳቸውም ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው የክብር እንቅልፍ ተኙ። ወይዘሮ ብዙነሽ ግን ማሳል ጀመሩ።

ወሩ ሲያልቅ የመብራት ሂሳብ መጣና የደመወዛቸውን እኩሌታ ይዞ ሄደ። አቶ ዘውዴ ችግር ሲያዩ የሚሸሹ ሰው አይደሉም፤ ስብሰባ ይጠራሉ። ሳሎን ውስጥ ሰብሳቢ አቶ ዘውዴ፣ ተሰብሳቢ ወይዘሮ ብዙነሽ ሆነው ተቀመጡ።

"የዕለቱ አጀንዳ የኤሲ ወጪን መቀነስ ነው" አሉ አቶ ዘውዴ። "ቤቱ ሐሳብ ይስጥበት።"

"ብርድ ልብሱን ብናነሳውስ?"

"ጥሩ ነጥብ ነው፤ ተይዟል። ሌላስ?"

"ኤሲውን ሃያ ስድስት ላይ እናድርገዋ።"

"ያኔማ ብርድ ልብሱ ይሞቀኛል።"

"ሲሞቅህ ታነሳዋለህ።"

"ብዙነሽ፣ ከአጀንዳ አንውጣ።"

ስብሰባው በሙሉ ድምፅ ተጠናቀቀ፤ ድምፁ የአቶ ዘውዴ ነበር። በውሳኔው መሠረት መስኮቶቹ በትርፍ ብርድ ልብስ ተጋረዱ። ምድጃው ቤቱን እንዳያሞቅ ወደ ግቢ ወጣና ወይዘሮ ብዙነሽ ወጡን ፀሐይ ላይ ቆመው ይሠሩ ጀመር። የመኝታ ቤቱ በር ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከፈት ተከለከለ። ወይዘሮ ብዙነሽ ሳሉ ሲነሳባቸው ወደ በረንዳ ወጥተው ሞቃቱን አየር ሳብ ያደርጉ ነበር፤ ይህም ልማድ "የቅዝቃዜ ብክነት" ተብሎ ተወገዘ። ከእንግዲህ የሚያስላቸው ከሆነ እዚያው ውስጥ በሥርዓት እንዲያስሉ ተወሰነ።

ጎረቤታቸው ነጋዴው ዓወል ለሰላምታ ገብቶ፣ ብርድ ልብስ የለበሰውን መስኮትና የወይዘሮ ብዙነሽን የገረጣ ፊት አየ።

"አቶ ዘውዴ፣ እኛኮ አልጋችንን ግቢ አውጥተን ነው የምንተኛው" አለ። "ዛፍ አለ፣ ነፋስ አለ፤ አጎበር ከተሰቀለ ምን ይጎድላል? ወላሂ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም።"

"ወዳጄ ዓወል፣ በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ለብሼ ደጅ ተኝቼ በላብ ልሙት?"

ዓወል ከመቀመጫው ተነሣ። ወደ ወይዘሮ ብዙነሽ ዞሮ "አላህ ያሽርዎት" ብሎ ወጣ።

ከዚያ አቶ ዘውዴ ለረጅም ሥልጠና ወደ ደብረ ብርሃን ተጠሩ። መኪናቸው ዳገቱን ሳይጨርስ ወይዘሮ ብዙነሽ ኤሲውን ዘጉ፣ የመስኮቶቹን ብርድ ልብስ ገፈፉ፣ ምድጃቸውን አስገቡ። ሲመሽ የዓወል ሚስት ሁስና በራሷ ግቢ አልጋ ዘረጋችላቸው። "እትዬ ብዙነሽ፣ የእናንተስ ነገር ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው" አለቻቸው። ወይዘሮ ብዙነሽ ስቀው ተኙ። ቀናት ሲያልፉ ሳሉ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ደረታቸው እንደ ልጅነታቸው ቀለል አላቸው።

አቶ ዘውዴ ተመልሰው የወሩን የመብራት ሂሳብ ሲያዩ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

"አየሽ ብዙነሽ? መመሪያው ሥር ሰደደ።"

"ዘግቼው ነው" አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ።

"በሩን?"

"ኤሲውን።"

አቶ ዘውዴ ሂሳቡን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "ይሄ እንግዲህ የአፈጻጸም ዝርዝር ነው" አሉ። "ዋናው ውጤቱ ነው።" ሪሞቱንም አንስተው አሥራ ስድስት ላይ መለሱት።

ውጤቱ በጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ለበላይ አካል ተላከ። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርበው የተሰበሰቡ የሥራ ኃላፊዎች የቆላውን ሙቀት ድል ያደረገውን ተሞክሮ ሰምተው አጨበጨቡ። እንዲህ ያለ ቆጣቢ ያለ ሽልማት መቅረት የለበትም ተባለ። ብዙም ሳይቆይ አንድ አይሱዙ ቁልቁለቱን ወርዶ ከቤቱ ደጃፍ ቆመና ሽልማቱ ተራገፈ። ሽልማቱ ከፊተኛው የሚበልጥ ሁለተኛ ኤሲ ነበር።

በመኝታ ቤቱ በር ላይ እንግዶች በተገኙበት ሪባን ተቆረጠ፤ ኤሲው በወይዘሮ ብዙነሽ ራስጌ ተሰቀለ፤ አቶ ዘውዴም ስለ ቁጠባ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ። እንግዶቹ ሲሄዱ ወይዘሮ ብዙነሽ ትራሳቸውንና ነጠላቸውን ይዘው ተነሡ።

"ወዴት ነው?"

"ሁስና ዘንድ።"

"ለዛሬ ነው?"

"መተንፈስ ለዛሬ ብቻ ነው እንዴ ዘውዴ? አንተም ና። አልጋ አይጠፋም።"

አቶ ዘውዴ በሩ ላይ ቆመው ሚስታቸው ግቢውን አቋርጠው ሲሄዱ አዩ።  እውነት ለመናገር አንድ እግራቸው ወጥቶም ነበር። በዚህ መካከል ግን በሩ ተከፍቶ መቆየቱን፣ የሁለት ኤሲ ቅዝቃዜም ወደ ሜዳ እየፈሰሰ መሆኑን ልብ አሉ። እግራቸውን መልሰው በሩን ዘጉት።

ከዚያም ብቻቸውን ተቀምጠው ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሪፖርት የሚሆን አዲስ ውጤት ጻፉ፦ "በተደረገው ያላሰለሰ ጥረት ከመኝታ ክፍሉ አንድ የሚተነፍስ የሙቀት ምንጭ እንዲወገድ ተደርጓል።"