ዜናው ወጥቷል፤ የቀረው መሆኑ ብቻ ነው

ወንበር የሌለው መሥሪያ ቤት አይቻለሁ። ሥራ የሌለው መሥሪያ ቤትም አይቻለሁ፤ እንዲያውም ሁለት ዓመት ተቀጥሬበታለሁ። በሬ ወለደ ብሎ የሚጽፍ ሰው የሌለው መሥሪያ ቤት ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። የትም ብትሄዱ አንድ አይጠፋም። አንገቱ ላይ ካሜራ፣ ደረቱ ላይ ባጅ ያንጠለጥላል፤ አፉ ላይ ደግሞ «ትንሽ ጠጋ ጠጋ በሉልኝ» የሚል ቃል አለ። ሦስት ሰው የተገኘበትን ስብሰባ ሦስት መቶ ያደርገዋል፤ ሰዎቹ ሊደባደቡ ደርሰው ከሆነም «ፍሬያማ ውይይት አካሄዱ» ይላል።

ዩኒቨርሲቲያችን ከዚህ ዘር ምርጡን አግኝቷል። የክቡር ሕዝብ ግንኙነት ኃላፊያችንን እውነተኛ ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። እኛ «በድምቀት» እንላቸዋለን። ስሙን ያወጡት ራሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በእሳቸው ብዕር በድምቀት ያልተከናወነ ነገር የለም። የጥበቃዎች የዝናብ ልብስ ርክክብ በድምቀት ተከናውኗል። የሽንት ቤት ቧንቧ ጥገና በድምቀት ተጠናቋል። አንድ ጊዜማ መምህራን በር ዘግተው የጮሁበት ቀን «መምህራን ሐሳባቸውን በድምቀት ገለጹ» ተብሎ ወጥቷል።

እኔ የእሳቸው አራሚ ነኝ። ውሸቱን እሳቸው ይጽፋሉ፣ ነጠላ ሰረዙን እኔ አስተካክላለሁ። ይህን የምናገረው ኮርቼ አይደለም።

ስለ አሠራራችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጋዜጣችን አራት ገጽ ናት፤ ዓርብ ጠዋት ትወጣለች። ማተሚያ ቤቱ ግን ከሐሙስ ቀትር በኋላ አንዲት መስመር አይቀበልም። ታዲያ ዓርብ ከሰዓት የሚደረግ ዝግጅት ዓርብ ጠዋት በሚወጣ ጋዜጣ ላይ እንዴት ይገባል? ሌላ ሰው ቢሆን ለሚቀጥለው ሳምንት ያቆየዋል። ክቡር በድምቀት ግን «ዜና እንደ ዳቦ ነው፣ ሲያድር ይደርቃል» ይሉና ሐሙስ ጠዋት ተቀምጠው የነገውን ሁሉ ሆነ፣ ተደረገ፣ ተጨበጨበ እያሉ ይጽፉታል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ገና አልሆነም» ስላቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«ዜናው ወጥቷል፤ የቀረው መሆኑ ብቻ ነው።»

ይህ ዘዴ አንድ ጊዜ ጉድ አፍልቷል። ከውጭ የተጋበዙ ፕሮፌሰር አውሮፕላን አምልጧቸው ቀሩ። ጋዜጣችን ግን «ፕሮፌሰሩ ጥልቅ ንግግር አደረጉ» ብላ ወጥታ ነበር። በሳምንቱ ፕሮፌሰሩ ጻፉልን። የተቆጡ መስሎን ደብዳቤውን ለመክፈት ፈርተን ነበር። ሰውየው የንግግራቸውን ቅጂ እንድንልክላቸው ነው የጠየቁት። ክቡር በድምቀትም ዓይናቸውን በጨው አጥበው አሥራ ሁለት ገጽ ንግግር ጽፈው ላኩላቸው።

ከጥቂት ወራት በፊት የአንድ ሳምንት መርሐ ግብር በር ላይ ሲለጠፍ ከላይ እስከ ታች ሞልቶ ነበር። ሰኞ ምረቃ፣ ማክሰኞ ፊርማ፣ ረቡዕ ጉባኤ፣ ዓርብ ጠዋት የጊዜ አጠቃቀም ሥልጠና። ከሁሉ በታች፣ ዓርብ በአሥር ሰዓት በትልቁ አዳራሽ፣ «የጡረታ ሽኝት» የምትል አንዲት አጭር መስመር ነበረች። የምትሸኘው አክስቴ ናት።

አክስቴ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት መጽሐፍ ስትጠርዝ የኖረች ሴት ናት። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ነች። «ሽኝት ምን ያደርግልኛል፣ እኔ ሙሽራ ነኝ እንዴ?» ስትል ሰንብታለች። ግን አዲስ ጫማ ገዝታ በየማታው ቤት ውስጥ እየተራመደች ስታለማምደው አይቻታለሁ፤ አዳራሹ የትኛው እንደሆነም ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች። ስለዚህ እኔም ያችን መስመር በየቀኑ በሩ ላይ ቆሜ አነብ ነበር።

ሰኞ አዲሱ ቤተ ሙከራ ተመረቀ። አዲስ የሚያሰኘው አንድ ማይክሮስኮፕ ነው። ክቡር በድምቀት ከኪሳቸው የማትለይ መቀስ አላቸው፤ አውጥተው ለፕሬዚዳንቱ ሰጡ፣ ሪባኑ ተቆረጠ፣ ካሜራው ግን እንቢ አለ። «ክቡርነትዎ፣ አንዴ ይድገሙልኝ።» ሪባኑ ተቋጥሮ እንደገና ተቆረጠ። «ፈገግታዎ አልመጣም፣ አንዴ ብቻ!» በአራተኛው ሪባኗ ከማጠሯ የተነሳ ሁለት ዲኖች ግራና ቀኝ በጣት ጫፍ ይዘዋት ቆሙ። ፕሬዚዳንቱ የአንደኛውን ዲን ጣት ለጥቂት ነው የሳቱት።

ማክሰኞ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል ተባለ። እንግዶቹ መጡ፣ አበባ ቀረበ፣ ሰነዱ ግን የለም፤ ሹፌሩ መኪና ውስጥ ቆልፎበት ሄዷል። ይህ ለክቡር በድምቀት እንቅፋት አይደለም። ካጠገባቸው ያገኙትን ወረቀት በሰማያዊ አቃፊ ውስጥ ከተው አቀረቡ። ሁለቱ ፕሬዚዳንቶች በግርማ ፈረሙ፣ አቃፊ ተለዋወጡ፣ ተጨባበጡ። በኋላ ስናየው የጽዳት ሠራተኞች የፈረቃ ሰሌዳ ነበር። የጽዳት አስተባባሪዋ እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ ለጥፋዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ከፈረቃው የሚቀር ሠራተኛ የለም ይባላል።

ረቡዕ በምርምር ጉባኤው አሥራ ዘጠኝ ሰው ተገኘ፤ አራቱ ከዝናብ ሊጠለሉ የገቡ ናቸው። ክቡር በድምቀት እየዞሩ ሰው ደረደሩ። «ወንድሜ፣ አንተ ሰፋ ትላለህ፣ ወደ ዳር ውጣና ባዶውን ሸፍንልኝ። እህቴ፣ ቦርሳሽን ወንበሩ ላይ አድርጊውና ኮትሽን አልብሺው።» ከዚያ ወለሉ ላይ በሆዳቸው ተኝተው አነሱ። ጋዜጣው ላይ «ከሁለት መቶ በላይ ምሁራን» ተባለ። እኔም አረምኩት፤ «ምሁራን» የሚለው በ«ሁ» ይሁን በ«ኁ» ከመዝገበ ቃላት አየሁ እንጂ ሰዎቹን አልቆጠርኩም።

ሐሙስ ጠዋት የአክስቴን ዜና ሊጽፉ ተቀመጡ። እኔን ጠርተው በእስክሪብቶው ጥርሳቸውን እያንኳኩ «አክስትህ ታለቅሳለች?» አሉኝ።

«አታለቅስም። አልቅሳ አታውቅም።»

«ጥሩ፣ እንግዲያው ታዳሚው ያለቅሳል» አሉና ጻፉት።

ዓርብ ጠዋት ጋዜጣው ወጣ። ገጽ ሁለት ላይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ ከመቶ ሃምሳ በላይ እንግዶች ተገኝተው ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ስጦታ በእጃቸው አበርክተው ነበር፤ ታዳሚው ከመቀመጫው ተነስቶ አጨብጭቦ፣ ጡረተኛዋ ንግግር አድርገው፣ በርካቶችም እንባቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ነበር። ቀትር ላይ ስልክ ተደወለ። የፕሬዚዳንቱ ጸሐፊ ናት።

«የዛሬው ሽኝት ተሰርዟል። ሥልጠናው ስለተራዘመ አዳራሹ ይፈለጋል፣ እሳቸውም አስቸኳይ ስብሰባ አላቸው። ሌላ ቀን እናመቻቻለን።»

ሌላ ቀን የለም። ዓርብ የአክስቴ የመጨረሻ የሥራ ቀን ነው።

ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። አክስቴ አዲሱን ጫማ አድርጋ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በተቀመጠችባት በርጩማ ላይ ሆና፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ ጋዜጣ ታነባለች። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል።

«እትዬ…»

«ምን ትርበተበታለህ? ተሸኝቻለሁ እኮ፣ ይኸው ተጽፏል» አለች። ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። «አለቀሱ ይላል። ማን ነው ያለቀሰው?»

ያን ዜና ያረምኩት እኔ ነኝ፤ «እንባቸውን» የምትለዋን ቃል በገዛ እጄ አስተካክያለሁ። አክስቴ ጋዜጣውን በአራት አጥፋ ሙጫው ሥር አነጠፈችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ አዲሱን ጫማ አወለቀችና አሮጌውን አደረገች። ደሜ ፈላ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም።

ክቡር በድምቀት ከተሽከርካሪ የቢሮ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ያ ወንበር የመንግሥት አይደለም፤ ለወገባቸው ሕመም ከቤታቸው ያመጡት ነው፤ ማንንም አያስቀምጡበትም። በዕድሜዬ ይህን ያህል ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም።

«ማስተባበያ ይውጣ! ሽኝቱ አልተደረገም ተብሎ ይጻፍ! በሴትዮዋ ላይ እንዴት ይቀለዳል?»

«ማስተባበያ?» አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። «አንተ ልጅ፣ በሥራ ዘመኔ ማስተባበያ አውጥቼ አላውቅም።»

«ዛሬ ያውጡ!»

ወደ መደርደሪያቸው ዞሩ። እዚያ የሃያ ሁለት ዓመት ጋዜጣ በየዓመቱ ተጠርዞ፣ ጀርባው በቀይ ጨርቅ ተለብጦ ተደርድሯል። ያንን ሁሉ ውሸት አንድ ገጽ እንዳይወድቅ አድርጋ የጠረዘችው አክስቴ ናት። አንዱን መዘው አወጡ፣ ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት፣ መልሰው ከተቱት። ከዚያ መቀሳቸውን ኪሳቸው ከተው ጋዜጣውን አንስተው ተነሱ።

«ዜናው ወጥቷል» አሉ። «ና፣ ወንበሩን ግፋልኝ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ያን ቀን ግን እውነትን ሰው እየጎተተ ሲያመጣት አየሁ። መጀመሪያ ወደ ሥልጠናው አዳራሽ ገቡ። አሠልጣኙ ስለ ጊዜ አጠቃቀም እያስተማረ ከተሰጠው ሰዓት አርባ ደቂቃ አሳልፏል። ክቡር በድምቀት ማይክሮፎኑን ከእጁ ወሰዱና «የተከበራችሁ ሠልጣኞች፣ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ከአንድ አጭር ፕሮግራም በኋላ ነው» አሉ። ሊወጣ የተነሳው ሁሉ ተቀመጠ። መቶ ስድሳ ሁለት ሰው፤ ይህን ራሴ ቆጥሬዋለሁ። ከዚያ ሮጠው ፕሬዚዳንቱን መኪናቸው በር ላይ ደረሱባቸው።

«አስቸኳይ ስብሰባ አለኝ አልኩ እኮ!»

«አውቃለሁ ክቡርነትዎ። ግን ስጦታውን ሰጥተዋል፤ ይኸው፣ ገጽ ሁለት። ጋዜጣው ሚኒስቴር ደርሷል። እንግዲህ አልሰጠሁም ማለት የእርስዎ ፈንታ ነው።»

ፕሬዚዳንቱ ገጽ ሁለትን አነበቡ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከመኪናው ወረዱ።

አክስቴን ከምድር ቤት ያመጣኋት እኔ ነኝ። «አዲሱን ጫማ አድርጊ» ስላት «ምነው ደግሞ፣ ምን መጣ?» አለች፤ ግን አደረገችው። አዳራሹ ስትገባ መቶ ስድሳ ሁለት የማያውቋት ሰዎች ዞረው አዩአት። ክቡር በድምቀት ከመድረኩ ጥግ ጋዜጣውን ይዘው ቆመዋል። አዳራሹ ሞላ፤ በእስክሪብቶ ምልክት አደረጉ። ፕሬዚዳንቱ ስጦታ አበረከቱ፤ ምልክት። ስጦታው ያ ተሽከርካሪ ወንበር ነበር፣ ከሰኞ የተረፈችው ሪባን መደገፊያው ላይ ታስራለች። ታዳሚው እንዲነሳ በእጃቸው ጠቀሱ፣ ተነሳ፣ አጨበጨበ፤ ምልክት። የቀሩት ሁለት መስመሮች ናቸው።

አክስቴ ማይክሮፎኑን የሚያቃጥል ነገር አስመስላ ያዘችው።

«ንግግር አላውቅም» አለች። «ሠላሳ አንድ ዓመት የተገነጠለ መጽሐፍ ስጠግን ነው የኖርኩት። ውስጣቸውን ያነበብኩት ጥቂቱን ነው።» ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገች። ያበቃች መስሎኝ ነበር።

ምልክት። አንድ መስመር ቀረ። ክቡር በድምቀት ረድፍ በረድፍ ታዳሚውን ቃኙ። ሠልጣኞቹ የምስክር ወረቀታቸውን እያሰቡ ቁጭ ብለዋል፤ አንዱ ያዛጋል። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ምን እንደፈለጉ ገባኝ፣ ጥርሴንም ነከስኩ። ለዚህ ሰው ጋዜጣ ብዬ አንዲት ጠብታ አላፈስም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የዋሹት ይበቃቸዋል።

«ያ ልጅ» አለች አክስቴ። ጣቷ ወደ እኔ ነው። «ያ ልጅ ሲመጣ አራት ዓመቱ ነበር። ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጦ ፊደል ቆጠረ። ብዙ ነገር ጠርዣለሁ፤ አንዳንዱ ተመልሶ መጥቶብኛል። እሱ ግን አልፈረሰብኝም።»

እንባዬ መጣ። መሐረብ አልያዝኩም ነበር፤ በእጅጌዬ ብጠርገው በእጅጌዬ ብጠርገው አልቆም አለ። ከጎኔ ያለው ሠልጣኝ ወንበሩን ራቅ አደረገ። ከመድረኩ ጥግ የእስክሪብቶ ድምፅ የምሰማ መስሎኝ ቀና አልኩ፤ ሰውየው እንዲህ ያለች አጋጣሚ አያልፉም ብዬ።

ክቡር በድምቀት ግን አልጻፉም። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ፣ አፍንጫቸው ቀልቷል፣ ካሜራው ሆዳቸው ላይ ተንጠልጥሎ ተረስቷል። የዚያን ቀን አንድም ፎቶ አልተነሳም። ሰኞ ቢሮ ስገባ የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ወገባቸውን ይዘው የሚቀጥለውን ዓርብ ዜና ይጽፉ ነበር።

ገጽ ሁለት ላይ «በርካቶች እንባቸውን መቆጣጠር አቃታቸው» ይላል። ያለቀስነው ሁለት ነን፤ ሁለት ሰው ደግሞ በርካታ አይባልም። አራሚ ነኝ፣ ይህን አላጣሁትም። ግን አክስቴ ያን ጋዜጣ ከሙጫው ሥር አውጥታ፣ ሙጫ ያልነካውን ገጽ ቆርጣ፣ ግድግዳዋ ላይ ሰቅላዋለች፤ ቤቷ በሄድኩ ቁጥር አነበዋለሁ፣ እስክሪብቶዬም ኪሴ ውስጥ ይቀመጣል።